ባዶዋ መንደርና የጠላቂው ደብተር

ብዙ ጊዜ እዚህ የምናወራው ስለ ማዳም፣ ስለ ደመወዝ፣ ስለ ኮንትራት ነው። እሱም መወራት አለበት። እኔ ግን ዛሬ አንድ መንደር ይዤላችሁ መጥቻለሁ። ሰው የሌለባት መንደር ናት። ስሟ አል ጁመይል ይባላል፤ ኳታር ውስጥ በሰሜን በኩል ባህር ዳር ላይ ናት። ታሪኩን ያገኘሁት ግማሹን ከአሠሪዬ እናት አፍ፣ ግማሹን ማታ ማታ በስልኬ እያነበብኩ፣ ትንሹን ደግሞ ሙዚየም ገብቼ ነው። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የጻፍኳቸው። ትንሽ ይረዝማል፣ ሥራ ስትጨርሱ አንብቡት።

እኔ የወሎ ልጅ ነኝ፣ ሐይቅ አካባቢ። አስረኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት ሳይመጣልኝ ሲቀር ነው የወጣሁት። ለመውጫ አባቴ ከአንድ አበዳሪ 40 ሺህ ብር በወለድ ተበደረልኝ። አባቴ ማንበብ አይችልም፤ ወረቀቱ ላይ አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ ነው የፈረመው። ይቺን ነገር ያዙልኝ፣ በኋላ እመለስባታለሁ።

የምሠራበት ቤት ውስጥ የባባ እናት አሉ። ሁላችንም ማማ ከቢራ ነው የምንላቸው። ሰማንያ ዓመት ይሆናቸዋል። በብርድ ወራት ቤተሰቡ ከዶሃ ወጥቶ ወደ ሰሜን ይሄድና ድንኳን ይተክላል። እኔም ድስቱንና ልጆቹን ይዤ አብሬ እሄዳለሁ። መንገዱ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ግራ ቀኙ ሜዳ፣ አሸዋና ድንጋይ ብቻ። ተራራ የለም፣ ዛፍ የለም። መጀመሪያ ቀን «እዚህ ደግሞ ሰው ምን ሊያይ ይመጣል?» ብዬ በሆዴ አጉረምርሜያለሁ።

ማማ ከቢራ አንድ ቦታ ላይ መኪናውን አስቆሙና «ያ ቢንቲ፣ እጄን ያዢኝ» አሉኝ። ደግፌያቸው ወረድን። ከፊታችን ጣራ የሌላቸው ቤቶች፣ የፈረሱ አጥሮች፣ አንድ የመስጊድ ሚናራ ብቻውን ቆሞ፣ ከኋላው ባህሩ። ግድግዳዎቹ የተሠሩት ከባህር በወጣ ድንጋይ ነው። ጠጋ ብላችሁ ስታዩት ዛጎል ተጣብቆበታል፣ ቀዳዳ ቀዳዳ አለው። መሬቱ ላይ የሸክላ ስብርባሪ በየቦታው ወድቋል። ነፋሱ ብቻ ነው የሚሰማው።

ማማ ከቢራ ሦስት ግድግዳ የቀረው አንድ ቤት ጋ ቆሙና በከዘራቸው መሬቱን መታ መታ አደረጉ። «እዚህ ነበር እናቴ የምታበስለው» አሉ። ከዚያ ዞር ብለው አዩኝና «ኩና ፉቀራ» አሉኝ። ድሆች ነበርን ማለት ነው።

እህቶቼ፣ ደነገጥኩ። እኔ እኮ እነዚህ ሰዎች ከጥንት ጀምሮ በኤሲ ውስጥ የተወለዱ ነበር የሚመስለኝ።

ያን ቀን ማታ ድንኳን ውስጥ ሻይ እየቀዳሁላቸው ጠየቅኳቸው። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ስንሄድ ጥቂት ጥቂት ነገሩኝ። የሰሜኑ ጠረፍ ሰው የሚኖረው ከባህር ነበር። ባህሩ ጥልቀት የለውም፣ ሲሸሽ ሩቅ ይሸሻል። ስለዚህ ሰዎቹ ውኃው ውስጥ ድንጋይ ደርድረው እንደ በረት ያጥራሉ። ውኃው ሲመጣ ዓሣው አብሮ ይገባል፤ ውኃው ሲሸሽ ዓሣው አጥር ውስጥ ይቀራል። ሄዶ መልቀም ነው። የእንደዚህ ዓይነት አጥር ፍርስራሽ ዛሬም ውኃው ሲጎድል ይታያል።

ገንዘብ የሚመጣው ግን ከዓሣ አልነበረም፣ ከዕንቁ ነው። ዓረቦቹ ሉሉ ይሉታል። አዎ፣ ያቺ ሁላችንም ለአስቤዛ የምንሄድባት ሉሉ ስሟ ዕንቁ ማለት ነው።

ዕንቁ የሚወጣው በበጋ፣ ያ ሰው የሚያቃጥለው ሙቀት ባለበት ወቅት ነው። ከሰኔ ገደማ ጀምሮ አራት ወር ያህል ወንዱ ሁሉ በእንጨት መርከብ ወደ ባህር ይወጣል። መንደር ውስጥ ሴት፣ ሕፃንና ሽማግሌ ብቻ ይቀራል። ጠላቂው አፍንጫውን ፊጣም በሚባል መቆንጠጫ ይይዛል፣ እግሩ ላይ ድንጋይ ያስራል፣ አንገቱ ላይ ቅርጫት ያንጠለጥላል፣ ከዚያ ወደ ታች። አንድ ደቂቃ ወይም ትንሽ ከዚያ በላይ ትንፋሹን ይዞ ዛጎል ይለቅማል። ላይ መርከቧ ላይ ያለው ጓደኛው በገመድ ይጎትተዋል። እንዲህ እያለ ከፀሐይ መውጫ እስከ መጥለቂያ ስንት ጊዜ ነው የሚመላለሰው። ሆድ ከሞላ መጥለቅ ስለማይቻል ቀን ላይ ተምርና ቡና ብቻ ይቀምሳሉ። ጆሮው የደማ፣ ዓይኑ የጠፋ ብዙ ነበር። ያወጣውን ዛጎል ደግሞ ራሱ ከፍቶ አያየውም። በማግስቱ ጠዋት ሁሉም አንድ ላይ ተቀምጠው ናኹዳው፣ ማለትም ካፒቴኑ፣ ዓይኑን ተክሎባቸው ነው የሚከፈተው።

አሁን ስለ ዕዳው ልንገራችሁ። ጠላቂው ደመወዝ የለውም፣ ድርሻ ነው ያለው። ከመውጣቱ በፊት ለቤተሰቡ ቀለብ እንዲተው ናኹዳው ብድር ይሰጠዋል። ናኹዳው ራሱ ከትልቅ ነጋዴ ነው የሚበደረው። ወቅቱ ሲያልቅ ዕንቁው ተሸጦ ሂሳብ ይሠራል። ብድሩ ሲቀነስ ብዙ ጊዜ የሚተርፍ ነገር የለም፤ እንዲያውም ይጎድላል። ጉድለቱ ለሚቀጥለው ዓመት ይተላለፋል። ዕዳ ያለበት ጠላቂ ሌላ ናኹዳ ጋ ሄዶ መሥራት አይችልም። ሲሞት ደግሞ ዕዳው ለልጁ ወይም ለወንድሙ ይተርፋል። ሂሳቡ የሚጻፈው በናኹዳው ደብተር ነው። ጠላቂው ማንበብ አይችልም። ስንት እንደተበደረ፣ ስንት እንደከፈለ የሚያውቀው ያ ደብተር ብቻ ነው።

የማማ ከቢራ አያት እንዲህ ጠልቀው ኖረው እንዲህ ሞቱ። ዕዳው ወደ አባታቸው ተዛወረ። «አባቴ የወረሰው ጀልባ አልነበረም፣ ቤት አልነበረም። የሰው ደብተር ላይ ያለ ቁጥር ነው የወረሰው» አሉኝ። እኔ ሻይ መቅዳቱን ትቼ አባቴን እያሰብኩ ነበር።

ከጁመይል ብዙም ሳይርቅ፣ ወደ ደቡብ ምዕራብ፣ ዙባራ የምትባል የድሮ ከተማ ፍርስራሽ አለች። ሌላ ቀን ልጆቹን ይዘን ሄድን። ዙባራን ያቀኗት በ1760ዎቹ ከኩዌት በኩል የመጡ ዑቱብ የሚባሉ ጎሳዎች ናቸው። በዕንቁ ንግድ በጥቂት ዓመታት ሀብታም ሆነች። ዙሪያዋን ትልቅ ግንብ ነበራት፣ ገበያ፣ መስጊድ፣ ግቢያቸው የሰፋ ቤቶች። የሚጠጣ ውኃ ግን ከውጭ ካሉ ጉድጓዶች ነበር የሚመጣው። ዕንቁው በሕንድ ቦምቤይ በኩል እስከ አውሮፓ ይሄድ ነበር። በ1783 ከእነዚሁ ሰዎች መሀል የአል ኸሊፋ ቤተሰብ ባህሬንን ያዘ፤ እስከ ዛሬ ባህሬንን የሚገዛው ያ ቤተሰብ ነው። ዙባራ ግን በ1811 ተጠቅታ ተቃጠለች። ትንሽ ሰው ተመልሶ ቢኖርባትም በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ጨርሳ ባዶ ሆነች። ሰው ስለለቀቃትና አሸዋ ስለሸፈናት ሳትነካ ቆየች። በ2013 ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መዘገባት፤ ከኳታር የመጀመሪያዋ ናት።

አሁን ስትሄዱ ከሩቅ የምታዩት ምሽግ ከተማዋን አያክልም በዕድሜ። በ1938 በሼክ አብደላ ቢን ጃሲም አል ሳኒ ጊዜ የተሠራ ነው። አራት ማዕዘን ነው፣ ሦስት ክብ ማማና አንድ ባለማዕዘን ማማ አለው። ብዙ ዓመት ወታደሮች ነበሩበት፣ አሁን ሙዚየም ነው።

እኔን ግን የገረመኝ ሌላ ነው። በድሮዎቹ ቤቶች ውስጥ ወለላቸው ቦይ ቦይ የሆነ ትንንሽ ክፍሎች ተገኝተዋል። የተምር ጆንያ እዚያ ላይ ይደረደራል። በራሱ ክብደት ተጨምቆ ማሩ በቦዮቹ እየፈሰሰ ማሰሮ ውስጥ ይገባል። ያ ማር ዲብስ ነው እኮ! እኛ ወጥ ቤት ውስጥ በጠርሙስ የምናውቀው ዲብስ። ሁለት መቶ ዓመት ያለፈው ሰው ወጥ ቤት ውስጥ የገባሁ ያህል ተሰማኝ። ማሰሮውን ሞልታ የተሸከመችው ማን ትሆን? ብዬ አሰብኩ።

መልሱን ያገኘሁት በኋላ ነው፣ ያውም ዶሃ መሀል። ምሸይረብ ሰፈር ቢን ጀልሙድ ቤት የሚባል ሙዚየም አለ፤ በ2015 ነው የተከፈተው። በእረፍት ቀኔ ከአንዲት የሀገሬ ልጅ ጋር ገባን። ቤቱ ድሮ የባሪያ ነጋዴ ቤት ነበር። አሁን ስለ ባርነት ታሪክ የሚያሳይ ሆኗል። በእንግሊዝኛ የተጻፈውን በአስረኛ ክፍል እንግሊዝኛዬ ቀስ እያልኩ አነበብኩት።

በዕንቁ መርከቦቹ ላይ ከነፃዎቹ ጎን ባሪያዎችም ይጠልቁ ነበር። ባሪያው ሲጠልቅ ድርሻውን የሚወስደው ጌታው ነው። ወደዚህ ባህር ከመጡት አፍሪካውያን ብዙዎቹ ከምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ፣ በዛንዚባር በኩል የመጡ ናቸው። ከእኛም ሀገር በምጽዋ፣ በታጁራ፣ በዘይላ ወደቦች ቀይ ባህርን እየተሻገሩ ወደ ዓረብ ምድር የተሸጡ አሉ፣ ሴቶችና ሕፃናት በብዛት። ሐበሺ ነበር የሚሏቸው። ሴቶቹ ምን ይሠሩ እንደነበር መገመት አያቅታችሁም። ማብሰል፣ ውኃ መቅዳት፣ ልጅ ማሳደግ። የሸጧቸው ደግሞ ባህር ማዶ ያሉ ሰዎች ብቻ አይደሉም፤ እዚያው ሀገራችን ውስጥ የያዙና የነዱ የራሳችን ሰዎች ናቸው። በእኛ ሀገር ባርነት በሕግ ጨርሶ የተከለከለው በ1942 ነው። ኳታር ደግሞ በ1952። ያኔ መንግሥት ካሳ ከፈለ፤ ካሳው ግን ለባሪያዎቹ አልነበረም፣ ለጌቶቻቸው እንጂ። እሱን ሳነብ ጓደኛዬ «በቃ እንውጣ» አለችኝ። ውጪ ደረጃ ላይ ተቀምጠን ብዙ ደቂቃ ዝም አልን።

እዚህ ላይ እንዳትሳሳቱብኝ። እኛ ባሪያ አይደለንም። ኮንትራት አለን፣ እዚህ በ2017 የወጣ የቤት ሠራተኛ ሕግ አለ፤ በቀን ከአሥር ሰዓት በላይ እንዳታሠሩ፣ በሳምንት አንድ ቀን አሳርፉ ይላል። ሕጉ በየቤቱ ይከበራል ወይ የሚለውን ከእኔ በላይ እናንተ ታውቁታላችሁ። ግን ያቺን ስሟ የትም ያልተጻፈ ሐበሻ ሴት እንደ ዘመዴ ነው የማስባት። እሷ ደብዳቤ መጻፍ አልቻለችም። እኔ ግን ይኸው እየጻፍኩላችሁ ነው።

ወደ መንደሯ ልመልሳችሁ። ታዲያ ጁመይል ለምን ባዶ ሆነች? ጃፓን ውስጥ ሚኪሞቶ የሚባል ሰው ዛጎሉን እያረባ በሰው እጅ ዕንቁ ማብቀል ጀመረ፤ የመጀመሪያው የተሳካለት በ1893 ነው። በ1920ዎቹ ያ ዕንቁ የዓለም ገበያ ገባ። በዚያ ላይ ከ1929 ጀምሮ ዓለም ሁሉ ደኸየ፤ ዕንቁ የሚገዛ ሀብታም ጠፋ። የዚህ ጠረፍ ሰው ሥራ በጥቂት ዓመት ውስጥ ሞተ። ረኃብ ሆነ። ብዙ ሰው ሀገር ጥሎ ወደ ጎረቤት አገር ተሰደደ። አዎ፣ እነሱም ለእንጀራ ተሰደዋል። ማማ ከቢራን «ታዲያ የአባትዎ ዕዳ እንዴት ሆነ?» አልኳቸው። «ማንም አልከፈለው። ነጋዴውም ደኸየ፣ ደብተሩም ምስጥ በላው» አሉኝና ሳቁ።

ነዳጁ ዱኻን ላይ የተገኘው በ1939 ገደማ ነው። ጦርነት ስለነበር ወደ ውጭ መሸጥ የተጀመረው በ1949 ነው። ገንዘቡ ሲመጣ መብራት፣ ትምህርት ቤት፣ ሐኪም ቤት ያለው ከተማ ውስጥ ሆነ። በ1970ዎቹ የሰሜኑን መንደሮች የሚያገለግል መዲናት አሽ ሸማል የሚባል አዲስ ከተማ ተሠራ፣ ሰውም ወደዚያና ወደ ዶሃ ገባ። እንደ ጁመይል ያሉ መንደሮች ጦርነት አላጠፋቸውም፤ ሰው ተነስቶ ሄደ፣ ጣራው ወደቀ፣ በቃ።

አንድ ደስ የሚል ነገርም አለ። ከዚያ ወዲያ በምሥራቁ ጠረፍ ጀሳሲያ የሚባል ቦታ አለ። ዝቅ ያለ ድንጋያማ ኮረብታ ነው፣ ድንጋዩ ላይ ዘጠኝ መቶ ያህል ቅርጽ ተቀርጿል። በ1957 ነው የተገኘው። መርከቦች አሉ፣ ከነመቅዘፊያቸው፣ ከላይ እንደታዩ ሆነው ተስለዋል፤ ጊንጥ ነው የሚመስሉት። ከመርከቦቹ ይልቅ ግን ሌላ ነገር አስጮኸኝ። ሁለት ረድፍ ጉድጓድ፣ በእያንዳንዱ ረድፍ ሰባት ሰባት። «ገበጣ!» አልኩ። ባባ ዞር ብሎ አየኝ። ማማ ከቢራ ግን ገባቸው። «ሐሉሳ ነው፣ ታውቂዋለሽ?» አሉኝ። እኔ ሐይቅ ከብት ስጠብቅ መሬት እየቆፈርኩ በስድስት በስድስት ጉድጓድ ስጫወት ነው ያደግኩት!

ያን ማታ ድንኳኑ ደጃፍ አሸዋ ላይ ጉድጓድ ቆፈርን፣ በተምር ፍሬ ተጫወትን። ሕጋችን ትንሽ ይለያያል፣ ተከራከርን። ሁለት ጊዜ አሸነፉኝ፣ አንዴ አሸነፍኳቸው። ልጆቹ በአያታቸው ሳቅ ተገርመው ከበው ያዩን ነበር። ለአንድ ሰዓት ያህል ማን አሠሪ ማን ሠራተኛ እንደሆነ ረሳሁት። ከዚያ ማዳም «ዕቃው አልታጠበም» አለች፣ ተነሳሁ።

አሁን ወደ አባቴ አውራ ጣት። ሁለት ዓመት ሙሉ በየወሩ ብር ልኬያለሁ። አበዳሪው ግን «ገና 30 ሺህ ይቀራል» ይላል። ወለዱ ነው ይላል። አባቴ አያነብ፣ ደብተሩ ያለው እሱ ጋ። ማማ ከቢራ ስለ አያታቸው ሲነግሩኝ በሌሊት ተነስቼ ያለቀስኩት ለዚህ ነው። እኔም ባህር ውስጥ ነኝ፣ ገመዱን የያዘው ሌላ ሰው ነው ብዬ።

በኋላ ሳነብ አንድ ነገር አገኘሁ። ባህሬን ውስጥ በ1920ዎቹ አዲስ ደንብ ወጥቶ እያንዳንዱ ጠላቂ የራሱ የሂሳብ ደብተር እንዲኖረው ታዘዘ። ያው የድሮው ሥራ ነው፣ ያው ባህር ነው፤ ደብተር ብቻ ነው የተጨመረው። ታዲያ ናኹዳዎቹና ነጋዴዎቹ ምን ያህል እንደተቆጡ! ያኔ ነው የገባኝ። ደብተር ምንም ካልሆነ ለምን ይቆጣሉ?

በማግስቱ ለልጆቹ ከተገዛው አንድ ደብተር ለምኜ ወሰድኩ። ስልኬ ላይ ፎቶ ያነሳኋቸውን የላክሁባቸውን ወረቀቶች አንድ በአንድ ገለበጥኩ፤ ቀን፣ የሪያሉ መጠን፣ በብር ስንት እንደገባ፣ ማን እንደተቀበለ። የመጀመሪያዎቹ ስምንት ወሮች ወረቀት አልነበረኝም፣ በሰው እጅ ነበር የላክሁት። እሱ ቀለጠ። የቀረውን ግን ለወንድሜ ላክሁለት፤ ሽማግሌ ይዞ አበዳሪው ቤት ሄደ። ሦስት ቀን ተከራከሩ። መጨረሻ ላይ 30 ሺህ የተባለው 6 ሺህ ሆነ። ከፍለን ያ አውራ ጣት ያለበትን ወረቀት አባቴ በእጁ ተቀበለ። ወንድሜ እንደነገረኝ አባቴ አልቀደደውም፤ ቁርአን በሚያስቀምጥበት ሳጥን ውስጥ ከተተው።

ስለዚህ እህቶቼ፣ አደራ። ደብተር ይኑራችሁ። ደመወዝ የተቀበላችሁበትን ቀን፣ የቀረባችሁን ወር፣ ወደ ሀገር የላካችሁትን፣ ወንድም የወሰደውን፣ ሁሉንም ጻፉ። መጻፍ የማትችል እህት ካለች አጠገቧ ያለች ትጻፍላት። ፎቶ አንሱና ለምታምኑት ሰው ላኩ፣ ስልክ ይጠፋልና።

ማማ ከቢራ ዘንድሮ አልመጡም፣ እግራቸው አልቻለም። ስንሄድ «የእናቴን ወጥ ቤት እይልኝ» አሉኝ። ሄጄ አየሁላቸው። ከሦስቱ ግድግዳ አንዱ ወድቋል። ስመለስ ግን «እንዳለ ነው» አልኳቸው።

ፈጣሪ ሁላችንንም ዕዳችንን ከፍለን፣ ጤናችንን ይዘን ለሀገራችን ያብቃን።